ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አርቴፊሻል ጥርስ ሥር ያለ ቁስል አልድን ሲል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። 68 ዓመቴ ነው፣ የምድር ባቡር ወርክሾፕ ጡረተኛ ነኝ። የላይም የታችም ጥርሴ አርቴፊሻል ነው፤ ካሠራሁት 6 ዓመት ሆነው። የታችኛው እየላላ ድዴን ሲያቆስለኝ ጠርዙን ራሴ በሞረድ አስተካከልኩት። ቁስሉ ግን ይኸው ወር አለፈው። የቴትራሳይክሊን ዱቄት ነስንሼበታለሁ። ማታ ማታ አላወልቀውም። ጥርሱን በምን ሳሙና ባጥበው ይሻለኛል? አንድ ጓደኛዬ በአፍ ካንሰር ነው የሞተው።

መልስ፦ ጋሼ፣ ስለ ሳሙናው እነግርዎታለሁ። ያስጨነቀዎት ግን እሱ እንዳልሆነ ገብቶኛል። ስለዚህ ከጓደኛዎ ልጀምር፤ ነፍስ ይማር።

አርቴፊሻል ጥርስ ሥር የሚወጣ ቁስል አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም። ጥርሱ እየፋቀ ያወጣው ነው። ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የመንጋጋ አጥንት ከዓመት ዓመት እየሳሳ ይሄዳል፤ ፕላስቲኩ ግን እንደተሠራ ይቀራል። ያኔ ልክ የነበረው ዛሬ የሚንሸራተተው ለዚህ ነው። የታችኛው ደግሞ ይብሳል፤ እንደ ላይኛው ላንቃ ላይ ተጣብቆ አይቆምም፣ ምላስም ይገፋዋል።

ወር አለፈው ያሉት ግን አላማረኝም። ጥርስ የፋቀው ቁስል ጥርሱ ከወለቀለት በ2 ሳምንት ውስጥ ይድናል። በ2 ሳምንት ያልዳነ የአፍ ቁስል፣ ቢያምም ባያምም፣ በሐኪም መታየት አለበት። «ባያምም» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምም፤ ሰው የሚዘናጋውም በዚህ ነው። ጠርዙ ሲነኩት ጠንከር ካለ፣ የሚደማ ከሆነ፣ ዙሪያው ነጭ ወይም ቀይ ካለው፣ የታችኛው ከንፈርዎ ከደነዘዘ ወይም አንገትዎ ላይ እብጠት ካለ አንድም ቀን አያሳድሩት። ይህ ሁሉ ባይኖርም በዚህ ሳምንት ይሂዱ። ድል ጮራ ሆስፒታልም ይሁን ቅርብዎ ያለ የጥርስ ክሊኒክ፣ ዋናው መታየቱ ነው። ሐኪሙ ከተጠራጠረ ትንሽ ናሙና ቆርጦ ያስመረምራል። ካንሰር እንኳን ቢሆን በጊዜ የተያዘና የቆየ አንድ አይደለም። ጓደኛዎ ላይ የደረሰው እርስዎ ላይ ይደርሳል ማለት አይደለም፤ በፍርሃት ቤት መቀመጥ ነው የሚጎዳዎት።

የታችኛውን ጥርስ ከዛሬ ጀምሮ አውልቀው ያስቀምጡት። ለጊዜው ፍትፍት፣ ሾርባ፣ ፉል ይብቃዎት።

ሞረዱን በተመለከተ፣ እጅዎ የሠለጠነ መሆኑን አልጠራጠርም። ወርክሾፕ ብረቱን ግን እያዩ ነበር የሚሞርዱት፤ ጥርሱ ድድዎን የሚጫንበት ቦታ ግን አይታይዎትም። የጥርስ ሐኪም ድድዎን የሚጫነውን ቦታ ምልክት በሚያወጣ ነገር ለይቶ፣ ያቺን ብቻ ፍቆ፣ መልሶ ያለሰልሳታል። በግምት የተሞረደ ጠርዝ ሻካራ ይሆናል፤ ድድ ይልጣል፣ ፈንገስም ይይዛል። ሲሰነጠቅ በሱፐር ግሉ የምታጣብቁም አላችሁና፣ እባካችሁ ተዉት።

የቴትራሳይክሊኑ ነገር ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርዎት፣ ያበሳጨኛል። ካፕሱል ፈልቅቆ ቁስል ላይ መነስነስ በየቤቱ ተለምዷል። የሚፋቅን ድድ ጸረ ተሕዋስ አያድነውም። እንዲያውም የአፍ ፈንገስ ሊያመጣብዎት ይችላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ «መድኃኒት እያደረግኩበት ነው» እያሉ ወር አሳለፉበት። ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥ አይጎዳም፤ ከዚያ ያለፈ ነገር አያድርጉ።

ማታ ማውለቅ ግድ ነው። ካወለቁት ፊት ይጨማደዳል፣ ድድ ይሸሻል የሚባለው ልክ አይደለም። ድድም ማረፍ አለበት። ቀን ከሌት ሲታፈን ላንቃው ቀይ ሆኖ በፈንገስ ይያዛል። ባለቤትዎ ፊት ማውለቅ ከብዶዎት እንደሆነ፣ መብራት ከጠፋ በኋላ ያውልቁት፤ ማንም አይፈርድብዎትም።

ወደ ሳሙናው ስንመጣ፣ ተራ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙናና ለስላሳ ብሩሽ ይበቃል። ኮልጌት አይጠቀሙ፣ ፕላስቲኩን ይጭረዋል። የፈላ ውሃ ቅርጹን ያጣምመዋል። በረኪናም ይቅርብዎት። ከእጅዎ ቢያመልጥ እንዳይሰበር ውሃ ያለበት ሳፋ ላይ ጎንበስ ብለው ይጠቡት። ሌሊቱን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ይደር። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚያወጣውን ነጭ ቅርፊት ያውቁታል፤ እንዲህ ያለው ጥርሱም ላይ ይጋገራል። ብረት የሌለው ጥርስ ከሆነ አቼቶ በእኩል ውሃ በጥብጠው ግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉትና በደንብ ያለቅልቁት።

ጫት የሚቅሙ ከሆነ ቁስሉ እስኪታይ ያቁሙ። ሽማግሌዎቻችን እንደሚያደርጉት በሙቀጫ ቢወቀጥም አፍ ማድረቁ አይቀርም፤ በደረቀ አፍ ላይ ደግሞ ጥርስ የበለጠ ይፍቃል።

ሲሄዱ ጥርሱን ትንሽ ውሃ ባለው ዕቃ ይዘውት ይሂዱ፣ መሞረድዎንም ይንገሩ። የላላውን ውስጡን ሞልቶ ማስተካከል ይቻላል፤ ካልሆነም አዲስ ይሠራል። የቁስሉ ነገር ሳይታወቅ ግን አዲስ ጥርስ ላሠራ አይበሉ።