ኔሬሬ ስንት ጊዜ ሥልጣን ለቀቁ?

ጥያቄ፦ ሄርማታ ሰፈር ቡና ላይ ተሰብስበን ስንጫወት፣ ጎረቤቴ፣ የታንዛኒያ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ሁለት ጊዜ ሥልጣን በፈቃዳቸው ለቀዋል አለኝ። እኔ የማውቀው አንዱን ነው። በአንድ ኪሎ ቡና ተወራርደናል። ማን ይክፈል?
ጡረተኛ መምህር፣ ከጅማ

መልስ፦ ጋሼ፣ ቡናውን ያስመዝኑ! ታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1961 ነፃ ስትወጣ ጠቅላይ ሚኒስትሯ ኔሬሬ ነበሩ። ወንበሩ ገና ሳይሞቅ፣ ስድስት ሳምንት ገደማ እንደቆዩ፣ በጃንዋሪ 1962 ለራሺዲ ካዋዋ አስረክበው ወረዱ። እኔም መጀመሪያ ሳነበው የማተሚያ ቤት ስህተት መስሎኝ ነበር። ምክንያታቸው ፓርቲያቸውን ታኑን ከሥር ማደራጀት ነው። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተመርጠው ፕሬዚዳንት ሆነው ተመለሱ። እርስዎ የሚያውቁት የ1985ቱን ነው፤ ያኔ ፕሬዚዳንትነቱን ለአሊ ሀሰን ምዊኒ ለቀቁ።

የሙያ ባልደረባዎም ናቸው፤ «ምዋሊሙ» የሚለው መጠሪያቸው በስዋሂሊ መምህር ማለት ነው። በ1955 ከማስተማርና ከፖለቲካ አንዱን እንዲመርጡ ሲገደዱ ጠመኔውን አስቀመጡ።

ጎረቤትዎ አብዝተው ከኮሩብዎ ግን ይህን ይጠይቋቸው፦ ኔሬሬ የገዢውን ፓርቲ ሊቀ መንበርነት መቼ ተዉ? መልሱ 1990 ነው። ምናልባት ግማሽ ኪሎ ያስመልሱ ይሆናል።