አራንኛ ከኦክሲታን መማሪያዬ ጋር ለምን አልገጠመም? ካታላንኛ ይሆን? (መልስ)

መጽሐፍዎ አልተሳሳተም፤ ያልገጠመው ቀበልኛው ነው። ኦክሲታን በተለይ በደቡብ ፈረንሳይ የሚነገር፣ ብዙ ቀበልኛዎች ያሉት ቋንቋ ነው። የያዙት መማሪያ ከቀበልኛዎቹ አንዱን፣ በፈረንሳይዋ ቱሉዝ ከተማ አካባቢ የሚነገረውን ላንግዶክኛ የሚያስተምር ሲሆን፣ የአራን ሸለቆው አራንኛ ግን የሌላው ቀበልኛ፣ የጋስኮንኛ ወገን ነው። ጋስኮንኛ የላቲኑን «ፈ» ወደ «ሀ» ስለለወጠው፣ በመጽሐፍዎ «ፊልያ» የተባለችው ሴት ልጅ በአራን «ሂልያ» ትባላለች። ከግሥ በፊት እየተደጋገመ ያስቸገረዎት «ኬ»ም የጽሕፈት ግድፈት ሳይሆን፣ ጋስኮንኛ በብዙ አካባቢ በሐተታ ዓረፍተ ነገር ላይ የሚጨምረው ምልክት ነው።

ካታላንኛም አይደለም። ሸለቆው በስፔን ካታሎኒያ ውስጥ ቢሆንም የጋሮንን ወንዝ ተከትሎ የሚከፈተው ወደ ፈረንሳይ ነው፤ የቪዬላ ዋሻ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1948 እስኪከፈት ድረስም በክረምት በረዶው ከተቀረው ስፔን ይቆርጠው ነበር። በቅዱስ ዮሐንስ ዋዜማ በሌስ መንደር ትልቅ ግንድ የሚለኮስበት የ«ሃሮ» በዓል እንኳ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በቅርስነት ሲመዘግበው፣ ከአንዶራና ከፈረንሳይ የፒሬኔ ተራሮች መንደሮች የእሳት በዓላት ጋር በአንድነት ነው።

አንድ ማሳሰቢያ፦ ሽፋኑ ላይ «ኦክሲታን» ብቻ የተጻፈበትን መዝገበ ቃላት ብዙውን ጊዜ ላንግዶክኛ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት «እሳት» የሚለውን ቃል ይፈልጉ፣ ትርጉሙ በ«ፈ» ድምፅ ከጀመረ ለአራንኛ አይሆንዎትም።