ከዝርዝሩ ያወጣሁት ልጅ

ሰሞኑን አንድ ወጣት ምክትል ርዕሰ መምህር ደውሎ «ኡስታዝ፣ የመድረሳችንን የፈተና ውጤት በአንድ ዓመት ውስጥ እንዴት ከፍ ላድርገው?» አለኝ። መንገዱን አውቀዋለሁ። አድርጌዋለሁም። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሳኝ ይኸው ነው።

የእስላማዊ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር በሆንኩ በሁለተኛው ዓመት ቦርዱ «ውጤት ወርዷል» ብሎ አስጨነቀኝ። ደካማ ያልኳቸውን ልጆች ከተፈታኞች ዝርዝር አወጣሁ። «ዘንድሮ ይቆዩ» አልኩ። አንዱ ሀፊዝ ነበር፤ የቁርኣንን 30 ጁዝ (ክፍል) በቃሉ የያዘ ልጅ። ከዙህር ሶላት በኋላ ቢሮዬ መጣ። አልተከራከረኝም።

«ኡስታዝ፣ ቁርኣን ላይ ስሳሳት እዚያው ያስቆሙኛል። ፊዚክስ ላይ ግን ማንም አስቁሞኝ አያውቅም» አለ።

«ዝርዝሩ ተልኳል» ብዬ ሸኘሁት። አልተላከም ነበር። ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ውጤቱ ጨመረ። ተጨበጨበልኝ። ልጁ በቀጣዩ ዓመት አልተመለሰም።

ከዚያ በኋላ ነው ቁርኣን በቃል የሚያዝበት የሒፍዝ ክፍል ገብቼ የተቀመጥኩት። ኡስታዙ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻው ያዳምጣል። ስህተቱን ወዲያው ያርማል። የትናንቱ ሳይጸና አዲስ አይሰጥም፤ የቆየውንም በሙራጀዓ (በክለሳ) ያስደግማል። አጠገቡ ባለው የፊዚክስ ክፍል ግን ማን እንደገባው የሚታወቀው ፈተና ሲታረም ነው። መምህሩን አልወቅሰውም። ክፍሉን ከልክ በላይ የሞላሁበት እኔ ነኝ። አሜሪካዊው የጥራት አስተዳደር ባለሙያ ዴሚንግ ስለ ጥራት ከጻፋቸው 14 ነጥቦች 3ኛው ጥራትን ከመጨረሻ ፍተሻ አትጠብቁ የሚል ነው። እኛ ግን መፍትሔው ከግድግዳው ማዶ ነበረን።

ለእናንተ ለወጣት የትምህርት ቤት መሪዎች ስለ ዕቅድና በጀት አልጽፍላችሁም፤ ከእኔ የተሻለ ተምራችኋል። ግን የዛሬ ልጆች ኮምፒውተር ላይ ያለ ሰንጠረዥ ታምናላችሁ። ክፍል መግባት ይከብዳችኋል። ቁጥር ተዉ ማለቴም አይደለም፤ ቦርድ ፊት ያለ ቁጥር መቆም አይቻልም። ብቻ በሳምንት ሁለቴ ከኋላ ወንበር ተቀመጡ። ከመምህሩ ይልቅ የልጆቹን ደብተር እዩ። ያያችሁትን ከመምህራኑ ጋር ተመካከሩበት። «ጉዳያቸው በመካከላቸው መመካከር» የሚለው የቁርኣን የአሽ-ሹራ ምዕራፍ 38ኛ አንቀጽ ለስብሰባ አዳራሽ ግድግዳ ብቻ የወረደ አይደለም። አንድ ነገር ቀይሩ፤ ከወር በኋላ ተመልሳችሁ ግቡና እዩት።

አንተ የደወልክልኝ ልጅ፣ የዘንድሮው ዝርዝር ጠረጴዛህ ላይ እንዳለ ነግረኸኛል። እንግዲያው ገና አልተላከም።