ቡናው ከምሳ በፊት ይፈላ፦ የነፍሰ ጡሮች ጥያቄና መልስ

«የተመጣጠነ ምግብ ተመገቢ» የሚለውን ምክር ያልሰማች ነፍሰ ጡር የለችም። ምክሩ መሶቡ ላይ ሲደርስ ምን እንደሚሆን የሚያስረዳት ግን ጥቂት ነው። በዚህ እትም አምስት ጥያቄዎች እንመልሳለን።

ጥያቄ፦ የመጀመሪያ ልጄ ነው፤ 5 ወሬ ነው። አማቴ ወተት፣ እርጎና ሙዝ እንዳልቀምስ ይከለክሉኛል። «ነጭ ነገር ልጁ ራስ ላይ ይለጠፋል፣ እንቁላልም ልጁን አግዝፎ ምጥ ያከብዳል» ይላሉ። እውነት ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ አማትዎ በዓይናቸው ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ የሳቱት ምክንያቱን ነው። ሕፃን ሲወለድ ቆዳው ላይ ቅቤ የመሰለ ነጭ ነገር ይታያል። ይህን የሚሠራው የፅንሱ የራሱ ቆዳ ነው። ከእርግዝናው አጋማሽ ጀምሮ ከቆዳው ወዝና ከሚረግፉት ሕዋሳት እየተሠራ፣ ወራት ሙሉ ውኃ ውስጥ የሚቆየውን ገላ ይጠብቃል። ወተት ቀምሳ የማታውቅ እናትም ልጇ ይህ ነገር ይኖረዋል። የጠጡት ወተት ተፈጭቶ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ወተት እንደሆነ ፅንሱ ጋ የሚደርስበት መንገድ የለም።

ልጅን ከልክ በላይ የሚያገዝፉት በዋናነት የእናትየው የስኳር ሕመምና ከመጠን ያለፈ ውፍረት ናቸው። በቀን 1 ወይም 2 እንቁላል ይህን አያመጣም። ራሷን ያስራበች እናት ግን ደም አንሷት ምጥ ላይ ልትደርስ ትችላለች፤ ሌላዋ የምትቋቋመው የደም መፍሰስ እሷን ይጥላታል።

በሌላ በኩል «ለሁለት ብዪ» የሚባለውም ግነት ነው። ከ4ኛው ወር ጀምሮ የሚጨመረው በቀን 340 ካሎሪ ገደማ፣ በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ደግሞ 450 ገደማ ነው። ከተለመደው ላይ አንድ መጠነኛ ማዕድ መጨመር ማለት ነው። 1 ብርጭቆ ወተት፣ 2 የተቀቀለ እንቁላልና 1 ሙዝ ተደምረው 400 ይጠጋሉ። አማትዎ የከለከሏቸው ምግቦች የጎደለውን ሊሞሉ ልክ መጥተው ነበር! ከእርግዝናዋ በፊት ክብደቷ መካከለኛ የነበረች ሴት እስከ መውለጃዋ ከ11.5 እስከ 16 ኪሎ ብትጨምር ጤናማ ነው። በክትትል ጊዜ የክንድዎ ዙሪያ ከ23 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ተጨማሪ ምግብ ሊያስፈልግዎ ስለሚችል አዋላጅዋን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከጤና ጣቢያ የተሰጠኝ አይረን (የብረት እንክብል) ያቅለሸልሸኛል፣ ሰገራዬም ጠቁሯል። በቀን ሦስት ጊዜ የጥቁር ጤፍ እንጀራ እየበላሁ ለምን ያስፈልገኛል? ቡናስ ይከለከላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ከጤፉ እንጀምር። ጤፍ ብረት አለው፤ ነገር ግን ሲለካ ከሚገኘው ብረት ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለው አፈር ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ ወደ ደም እምብዛም አይገባም። እህሉ ውስጥ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አስሮ ይይዘዋል። ሊጡ በደንብ ሲቦካ ፋይቴቱ ስለሚቀንስ፣ 3 ቀን የቦካ እንጀራ በችኮላ ከተጋገረው ይሻላል። ያም ሆኖ የእርግዝናን ፍላጎት እንጀራ ብቻውን አይሞላም። በብዛት የሚሰጠው እንክብል 60 ሚሊ ግራም ብረትና 400 ማይክሮ ግራም ፎሊክ አሲድ የያዘ ሲሆን በቀን 1 ይዋጣል።

የሰገራው መጥቆር ከእንክብሉ የተረፈው ብረት ነው፤ አያስፈራም። ለማቅለሽለሹ የሰዓቱን ለውጥ ይሞክሩ። ራት 2 ሰዓት ከበሉ ማታ 4 ሰዓት ላይ፣ ሊተኙ ሲሉ፣ ሎሚ በተጨመቀበት ውኃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ይዋጡት፤ ቫይታሚን ሲ ብረቱ ወደ ደም እንዲገባ ያግዛል። በወተት፣ በሻይ ወይም ከቃር መድኃኒት ጋር አይዋጡት። ባዶ ሆድ ካላስቻለዎት ትንሽ ዳቦ ይቅደመው፤ ጥቅሙን ቢቀንሰውም ጨርሶ ከመተው በብዙ ይሻላል። ለሆድ ድርቀቱ ውኃ ያብዙ፣ ማታ የተነከረ ተልባ ጠዋት ይጠጡ። እንክብሉን ልጆች ከማይደርሱበት ያስቀምጡ፤ ሕፃን ልጅ ብዙ ቢውጥ ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል።

አሁን ወደ ቡናው። አይከለከልም፤ ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ቡናና ሻይ ውስጥ ያሉ ንጥረ ነገሮች የምግቡን ብረት ሆድ ውስጥ ያስሩታል። በአንድ የታወቀ ሙከራ ከምግብ ጋር የተጠጣ አንድ ስኒ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ደግሞ በ64 በመቶ ቀንሶታል። ከምግቡ 1 ሰዓት በኋላ የተጠጣው ቡናም የዚያኑ ያህል ጎድቷል፤ 1 ሰዓት ቀድሞ የተጠጣው ግን ምንም አልጎዳም። የእኛ ቡና የሚፈላው ደግሞ ምሳው እንደተነሳ ነው! ስለዚህ ረከቦቱ ከምሳው አንድ ሰዓት ቀድሞ ይቅረብ፤ ካልሆነ ከምሳው 2 ሰዓት በኋላ። በቀን ከ200 ሚሊ ግራም ካፌይን እንዳያልፉ አቦሉን ይጠጡና ቶናውንና በረካውን በጨዋታ ይሸኙ። ጤና አዳሙ ግን ከስኒው ይውጣ፤ በብዛት ሲወሰድ ማሕፀን ስለሚያኮማትር ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ጥያቄ፦ 7 ወሬ ነው። ሁዳዴን እስከ 9 ሰዓት እየጾምኩ ነው። ልጄን ይጎዳዋል? (ከጎንደር)

መልስ፦ ሁለት ነገር ለየብቻ ይታይ፤ የሰዓቱ ርዝመትና የምግቡ ዓይነት። አሳሳቢው የፊተኛው ነው። ራት 2 ሰዓት በልተው እስከ ማግስቱ 9 ሰዓት ከቆዩ 19 ሰዓት ባዶ ሆድ ሆኑ ማለት ነው። በእርግዝና መጨረሻ ወራት ፅንሱ ስኳርን ያለማቋረጥ ስለሚወስድ፣ የእናትየዋ ስኳር ከሌላው ሰው ቀድሞ ይወርዳል፤ ሰውነቷም ስብ ወደ ማንደድ ይገባል። ራስ ማዞሩና ድካሙ ከዚህ ነው። ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ፤ በእርግዝና ምክንያት የሰዓቱ ጾም የሚቀልላቸው እናቶች ብዙ ናቸው።

የጾም ምግቡ ራሱ በአግባቡ ከተዘጋጀ ጥሩ ነው። 60 ኪሎ የምትመዝን ነፍሰ ጡር በቀን ወደ 70 ግራም ፕሮቲን ያስፈልጋታል። 1 ኩባያ የበሰለ ምስር 18 ግራም ፕሮቲን፣ ከ6 ሚሊ ግራም በላይ ብረትና ወደ 350 ማይክሮ ግራም ፎሌት (በምግብ ውስጥ የሚገኘው የፎሊክ አሲድ ዓይነት) ይሰጣል። ችግሩ ያለው ሽሮው ላይ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት ወደ 2 ግራም ፕሮቲን ብቻ አለው፤ 5 ማንኪያ በድስት ሙሉ ውኃ ተበጥብጦ ለ5 ሰው ከቀረበ ለእርስዎ የደረሰዎት 2 ግራም ነው። ሆድ ይሞላል፣ ጥጋቡ ግን የእንጀራና የውኃ ነው። ተጋቢኖ አድርገው ያወፍሩት፤ ከጎኑ ጥሬ ስንግ ቃሪያ ወይም ቲማቲም ይኑር፤ የሽሮውን ብረት የሚያስገባው እሱ ነው። ጠዋት ቂንጬ ከአንድ እፍኝ ኦቾሎኒ ጋር፣ መክሰስ ላይ የባቄላ ወይም የሽምብራ ንፍሮ ይጨምሩ። ጥራጥሬውን ማታ ነክረው ውኃውን ይድፉ፤ በቆልት ቢያደርጉትማ ይበልጥ ይሻላል። ጎመኑ ቅጠሉ ቢጫ ሳይሆን ይውጣ፤ ውኃው አይደፋ፣ ፎሌቱ እዚያ ነውና።

ከጾም ምግብ የማይገኘው ቫይታሚን ቢ12 ነው። በፍስኩም ቀን ወተት፣ እንቁላልና ሥጋ እምብዛም የማይቀምሱ ከሆነ ቢ12 ያለበት እንክብል እንዲታዘዝልዎ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ክትፎ አምሯታል፣ የ3 ወር ነፍሰ ጡር ናት። «ለብለብ» ቢሆንላት ይበቃል? እርጎስ? (ከወልቂጤ)

መልስ፦ አይበቃም። ሙዳ ሥጋ ላይ ጀርሙ በብዛት ያለው ከላይ ነው፤ ሲከተፍ ግን ከውጭ የነበረው ሁሉ ወደ ውስጥ ይገባል። ለብለብ ደግሞ የሚነካው ላይ ላዩን ነው። ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ተሕዋስ ሥጋው ውስጥ ራሱ ሊቀመጥ ይችላል፤ ወደ ፅንሱ ካለፈ ዓይንና አንጎል ይጎዳል። ቀዩ ቀለም እስኪጠፋ ድረስ ይብሰል፤ ቅቤውና ሚጥሚጣው አምሮቷን ይወጡላታል። ዱለት ከጥሬነቱ ሌላ ጉበት አለበት። ጉበት ቫይታሚን ኤ ከመጠን በላይ ስላለው፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ቢበስልም ይቅር።

እርጎ ከጥሬ ወተት ከተሠራ ኮምጣጣነቱ ብቻውን ብሩሴላ የሚባለውን ጀርም አይገድልም። ወተቱን ገንፍሎ እስኪነሳ አፍልተው፣ ጣት ሲነኩት ለብ እስኪል ካበረዱ በኋላ ከተፈላ ወተት ከተሠራ እርጎ ሁለት ማንኪያ ጨምረው ከድነው ያሳድሩት። የኮሶ ትል ጥርጣሬ ካለ የኮሶ መድኃኒት በቤት አይጠጣ፤ ሊያስወርድ ይችላል። ሐኪም ይታይ።

ጥያቄ፦ የዝናብ አፈር ሲሸተኝ መብላት ያምረኛል፤ ከግድግዳ እየቆረስኩም እበላለሁ። አፍሬ ለማንም አልተናገርኩም። (ከደብረ ማርቆስ)

መልስ፦ ለአዋላጅዋ ዛሬውኑ ይንገሩ፤ ስንቷ ነግራታለች መሰለዎት! የአፈር አምሮት ብዙ ጊዜ ከብረት እጥረት ጋር አብሮ ይመጣል። ሄሞግሎቢን (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው) ይለኩልዎት፤ ከ11 ግራም በዴሲ ሊትር በታች ከሆነ የደም ማነስ ነው፣ እንክብሉም በሕክምና መጠን ይሰጥዎታል። አፈሩ የወስፋት እንቁላልና እርሳስ የሚባለውን መርዛማ ብረት ሊይዝ ይችላል። የትል መድኃኒት ከመጀመሪያዎቹ 3 ወራት በኋላ በጤና ጣቢያ ስለሚሰጥ አብረው ይጠይቁ። እስከዚያው አምሮቱ ሲነሳ የሚቆረጠም ነገር፣ የሽምብራ ቆሎ ለምሳሌ፣ ኪስዎ ውስጥ ይኑር።