መልስ፦ የጎንደር ፔንሲዮኖችን አፕ ከየት ልጀምር?

ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ጎንደር ላይ ክፍል የሚይዝበት አፕ ጀምረህ፣ ሁለት ወር ሙሉ ዳታቤዝ (መረጃው የሚቀመጥበት) ላይ ቀረሁ ላልከው ወንድሜ። ኮድህ ምንም አይልም፣ ሥራውን የምትቆራርጥበት መንገድ ነው ችግሩ። መጀመሪያ ዳታቤዙ፣ ቀጥሎ ሰርቨሩ (ከጀርባ ጥያቄውን የሚያስተናግደው)፣ እንግዳው የሚያየው ገጽ መጨረሻ ካልክ እስከ ጥር ለማንም የምታሳየው አይኖርህም።

ፒያሳ አካባቢ የምታውቀው አንድ ፔንሲዮን ያዝ። እንግዳው ቀን መርጦ ስሙንና ስልኩን ይልካል፣ የፔንሲዮኑ ባለቤት ኤስኤምኤስ ይደርሳታል፣ ደውላ ታረጋግጣለች። በቃ። ሎጊን የለ፣ ፎቶ የለ፣ ቴሌብርም ይቆይ፣ እስከዚያ እጅ በእጅ ይከፈላታል። ይቺ የመጀመሪያዋ ቁራጭ ትንሽ ናት ግን ከገጹ እስከ ዳታቤዙ ሁሉንም ትነካለች፣ ሰውም ይጠቀምባታል።

ሁለተኛው ቁራጭ አንድ ክፍል ለከተራ ማታ ሁለቴ እንዳይያዝ ማድረግ ነው። ሦስተኛው ካሌንደር፣ እዚህ ላይ ጊዜ ስጠው። ፈረንጁ ጃንዋሪ 19 ብሎ ይመርጣል፣ የባለቤቷ ደብተር ላይ ጥር 11 ነው፤ ጳጉሜን 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ደግሞ ጥር 11 ጃንዋሪ 20 ላይ ይውላል። ይቺን ከረሳህ እንግዳህ ሻንጣውን ይዞ በር ላይ ነው የሚቀረው።

እኔም ለአንድ ሱቅ አፕ ስሠራ ሦስት ዓይነት አካውንት ያለው ሎጊን ይዤ ሄድኩ (አንድ ወር ፈጅቶብኛል)። ሰውየው አየት አድርጎ «ስኳሩ ስንት ኩንታል ቀረ የሚለውስ የታለ?» አለኝ።

ስክረም (ሶፍትዌርን በአጭር በአጭር ዙር የመሥራት ዘዴ) ላይ ስፕሪንት፣ ማለትም አንዱ ዙር፣ ከአንድ ወር አይበልጥም፣ ብቻህን ለምትሠራ ግን ሳምንት ይበቃሃል። ዓርብ ዓርብ ስልክህን ለባለቤቷ ስጣትና አንተ ዝም በል፣ የት ጋ እንደምትደናገር እይ።