ጥያቄና መልስ፦ የጃዝ ጊታር ሐረጎችን በጆሮ ማውጣት

ጥያቄ፦ ጊታር ስጫወት ዓመታት አልፈዋል፤ ስኬሎቹንም (የኖታ ቅደም ተከተሎቹን) የጃዝ ኮርዶቹንም (አብረው የሚሰሙ ኖታዎችን) አውቃለሁ። ከትላልቅ ተጫዋቾች ሶሎ (የብቻ የፈጠራ ጨዋታ) ያወጣኋቸው ሐረጎች፣ ማለትም አጫጭር የዜማ ቁራጮች፣ ደብተር ሞልተዋል። ባንድ ውስጥ ሶሎ ሲደርሰኝ ግን አንዱም አይመጣልኝም፤ ስኬል ላይ ስወጣና ስወርድ ጊዜው ያልቃል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ደብተሩን ለጊዜው ያስቀምጡትና ከአንድ ሶሎ አንድ ሐረግ ብቻ ይምረጡ፤ ከሁለት እስከ አራት ባር (ባር አብዛኛውን ጊዜ አራት ምት ይይዛል) ይበቃል። መምረጫው ሲሰሙት ደስ የሚልዎት መሆኑ ነው። ጠቃሚ ነው ስለተባለ ብቻ የተጠና ሐረግ በጨዋታ መሃል ትዝ አይልም።

ጊታሩን ሳያነሱ ሐረጉን ደጋግመው ያዳምጡና በድምፅዎ ይድገሙት። ከቀረጻው ጋር አብሮ ማዜም ቀላል ነው፤ ፈተናው ቀረጻውን አጥፍቶ፣ ምቱን በእግር እየያዙ ማዜም ነው። የሚሳቱበት ቦታ ካለ ጆሮዎ ገና ያልያዘው እዚያ ነው። ብዙ ሰው ይህን ይዘልና ኖታዎቹን ክር ላይ እየነካካ ይፈልጋል። ጣቱ ቦታውን ይለምዳል፤ ዜማው ግን ውስጡ አይገባም። የእርስዎም ችግር ከዚህ የሚነሳ ይመስለናል።

ከዚያ ወደ ጊታሩ ይሂዱ። ፍጥነት የሚቀንስ መተግበሪያ ከተጠቀሙ 70 በመቶ አካባቢ ይሞክሩ፤ ኖታዎቹን እንዳገኙ ግን ወደ ትክክለኛው ፍጥነት ይመለሱ። በስዊንግ፣ ማለትም በጃዝ በተለመደው የምት አካሄድ፣ አንድ ምት ለሁለት ሲከፈል የመጀመሪያው ኖታ ከሁለተኛው ረዘም ይላል። ልዩነቱ በዝግተኛ ጨዋታ ሰፊ ነው፤ ፍጥነት ሲጨምር እየጠበበ ሄዶ ሁለቱ ወደ እኩል ይቀርባሉ። ስለዚህ የፈጣን ሶሎን አካሄድ በዝግታ እየሰሙ ከቀዱት፣ ራስዎ በዝግታ ሲጫወቱት ይደርቅብዎታል። የድሮ ሸክላ ቅጂ ከሆነ ደግሞ የሸክላው ፍጥነት ተዛብቶ ሊሆን ስለሚችል ከጊታርዎ ቅኝት ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል አይገረሙ። መጀመሪያ መተግበሪያው ላይ ድምፁን ያስተካክሉ፤ አለዚያ በሁለት ፍሬቶች (በጊታሩ አንገት ላይ ባሉ የኖታ መለያዎች) መካከል የሌለ ኖታ ሲፈልጉ ይውላሉ።

ኖታዎቹ ከተገኙ በኋላ እያንዳንዱ ከሥሩ ካለው ኮርድ ጋር ያለውን ዝምድና ይለዩ። ምሳሌ እንስጥ። ዲ ማይነር ሴቭን ለሁለት ምት፣ ጂ ሴቭን ለሁለት ምት ይምጣና ሲ ሜጀር ሴቭን ላይ ይረፍ። በመጀመሪያው ኮርድ ዲ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ሲ እያሉ ይውጡ፤ በሁለተኛው ቢ፣ ኤ ፍላት (ከኤ በግማሽ ድምፅ ዝቅ ያለችው)፣ ኤፍ፣ ዲ እያሉ ይውረዱ፤ ማረፊያዎ ኢ ይሁን። ቀጭኗን ክር 1ኛ ብለን ብንቆጥር፣ ሲወጡ 5ኛ ክር 5ኛና 8ኛ ፍሬት፣ 4ኛ ክር 7ኛ፣ 3ኛ ክር 5ኛ ነው። ሲወርዱ 3ኛ ክር 4ኛ፣ 4ኛ ክር 6ኛ፣ 5ኛ ክር 8ኛና 5ኛ፤ ኢ እዚያው 5ኛ ክር 7ኛ ላይ ናት። እጅዎ ከቦታው አይነሳም፤ ለቢ ብቻ አመልካች ጣት አንድ ፍሬት ወደ ኋላ ይሳባል።

ከሲ ወደ ቢ የሚወርደውን ግማሽ ድምፅ ልብ ይበሉ። ሲ ከዲ ጀምሮ ሲቆጠር የዲ ማይነር 7ኛ ኖታ ናት፤ ቢ የጂ 3ኛ። ቤዝ ባይኖር እንኳ ኮርዱ መለወጡ በዚህች አንዲት እርምጃ ይሰማል። ኤ ፍላት ውጥረቱን ታመጣለች፤ ኢ የሲ ሜጀር 3ኛ ስለሆነች ታሳርፋለች። ይህን ከለዩ የቀረውን እንደፈለጉ መለወጥ ይችላሉ፦ ከኤ ይጀምሩት፣ ግማሽ ምት አዘግይተው ይግቡ፣ ከመሃል አንድ ኖታ ይጣሉ። ከሲ ወደ ቢ መውረዱና የኢ ማረፊያው እስካሉ ድረስ ሐረጉ አይፈርስም።

በ12ቱም ቁልፎች (የመነሻ ድምፆች) ይጫወቱት፤ በቀን አንድ ወይም ሁለት ቁልፍ ይበቃል። ቅርጹን እንዳለ በፍሬት ማንሸራተት ብቻውን ጆሮን ብዙም አያሠራም፤ ያንኑ ሐረግ ከ6ኛው ወይም ከ4ኛው ክር ጀምረው ይፈልጉት።

ሶሎ ላይ ሐረጉ የሚጠፋበት ሌላው ምክንያት ሁልጊዜ ለብቻው፣ ከባሩ መጀመሪያ ተነስቶ መለማመዱ ነው። በጨዋታ ላይ ከሌላ ነገር ወጥተው ነው ወደ እሱ የሚገቡት። ስለዚህ ከፊቱ ሁለት ባር የራስዎን፣ ከኋላውም ሁለት ባር የራስዎን እየጨመሩ ይለማመዱ። ሜትሮኖሙ (ምት ጠባቂው መሣሪያ) በ2ኛውና በ4ኛው ምት ላይ ይምታ፤ ጨዋታው በደቂቃ 120 ምት ከሆነ ሜትሮኖሙን 60 ላይ ያድርጉት።

ጥያቄ፦ ከማን ልጀምር?

መልስ፦ ከጊታሪስቱ ቻርሊ ክርስቲያን። ከ1939 እስከ 1941 እ.ኤ.አ. ከባንድ መሪው ቤኒ ጉድማን ጋር ያስቀረጻቸው ሶሎዎች አጫጭር ናቸው፤ የዘመኑ ሸክላ በአንድ ገጹ ሦስት ደቂቃ ያህል ብቻ ይይዝ ነበርና። ሐረጎቹ በኮርድ ቅርጾች ዙሪያ ስለሚዞሩ ጣት ቶሎ ያገኛቸዋል። ሌላው ታላቅ ጊታሪስት ዌስ ሞንትጎመሪም መንገዱን የጀመረው የእሱን ሶሎዎች በጆሮ በማውጣት ነው።

ቀጥሎ ግራንት ግሪን። በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተቀረጸው ሥራው በአብዛኛው ነጠላ ኖታ ነው፤ ድምፁ የጠራ፣ ምቱ የማያወላዳ። በጆሮ ለማውጣት ከእሱ የሚመች ጊታሪስት ማግኘት ይከብዳል። ወደ ዌስ ሲደርሱ ነጠላ ኖታዎቹን ያስቀድሙ፤ ኦክታቮቹ (አንድ ኖታ በከፍታውና በዝቅታው አብሮ ሲመታ) ይከተላሉ። ኦክታቮቹ የሚመቱት በአውራ ጣት ሲሆን፣ በሁለቱ ክሮች መካከል ያለው ክር በአመልካች ጣት ሥጋ መታፈን አለበት፤ ካልታፈነ ድምፁ ይቆሽሻል። ጂም ሆልን ለዝምታው ያዳምጡት፤ የት እንደሚተው የሚያስተምር እንደ እሱ ያለ የለም። የጆ ፓስን የብቻ ጨዋታ ለኋላ ያቆዩ፤ ቤዙ፣ ኮርዱና ዜማው አንድ ላይ ስለሚመጡ ለጀማሪ ጆሮ መለየቱ ይከብዳል።

ጥያቄ፦ ታብ (ጣት የትኛው ክርና ፍሬት ላይ እንደሚያርፍ የሚያሳይ ጽሑፍ) ብጠቀም ይጎዳኛል?

መልስ፦ በጆሮ አውጥተው ከጨረሱ በኋላ ለማመሳከሪያ ከሆነ አይጎዳም። ከቀረጻው ጋር ካልተስማማ ጆሮዎን ይመኑ። ኖታው ልክ ሆኖ ቦታው የተሳሳተ ታብ ብዙ ነው፤ መንሸራተት ወይም ሐመር ኦን (ክሩን እንደገና ሳይመቱ ጣት በመጫን ብቻ ቀጣዩን ኖታ ማሰማት) በአንድ ክር ላይ የሚሠሩ ናቸውና፣ እነሱ በሚሰሙበት ላይ ሁለቱ ኖታዎች በሁለት ክር ተከፍለው ከተጻፉ፣ ተጫዋቹ እዚያ እንዳልተጫወተው ይወቁ።