ሴል ውስጥ የሚያበራ ቀለም ለመንደፍ ባዮሎጂ እንደ አዲስ ልማር ወይ?

እህቴ፣ በኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሁለተኛ ዲግሪሽን ልትጨርሺ መሆኑንና ሕያው ሴልን በማይክሮስኮፕ አጥርቶ ለማየት የሚያገለግሉ ፍሎረሰንት ቀለሞችን (ብርሃን ሲያርፍባቸው መልሰው የሚያበሩ ቀለሞችን) መንደፍ እንደምትፈልጊ ነግረሽን፣ «ባዮሎጂ እንደ አዲስ ልማር ወይ?» ብለሻል። አያስፈልግሽም። በዚህ ሙያ የሚፈለገው ሞለኪውሉን በእጁ ሠርቶ፣ ለምን እንደበራ ወይም እንዳልበራ በቁጥር የሚያስረዳ ኬሚስት ነው።

ሲልከን ሮዳሚንን ተመልከቺ። ሮዳሚን የተባለው ፍሎረሰንት ቀለም መካከለኛ ቀለበቱ ውስጥ ያለው ኦክስጅን በሲልከን ሲተካ፣ የሚመጥጠው ብርሃን ከ550 ናኖሜትር አካባቢ ወደ 650 ይሻገራል፤ ቀዩ ብርሃን ሴሉን ብዙ አይጎዳውም። ዋናው ብልሃት ግን ሌላ ነው። ሞለኪውሉ ሁለት መልክ አለው። ከመካከለኛው የተለየ ሌላ ቀለበቱ ሲዘጋ ቀለም አልባ ነው፣ የሴሉንም ሽፋን በቀላሉ ያልፋል፤ ሲከፈት ያበራል። ሴሉ ውስጥ፣ ቀለም እንዲይዝ ተብሎ ከተሠራ ሃሎታግን ከመሰለ ፕሮቲን ጋር ሲጣበቅ ይከፈታል፤ ያልተጣበቀው አብዛኛው ተዘግቶ ስለሚቀር ዙሪያው ጨለማ ይሆናል። ሚዛኑ ወደ መዘጋት ካጋደለ ተጣብቆም ይደበዝዛል፤ ወደ መከፈት ካጋደለ ሳይጣበቅም ያበራል፣ ወደ ሴሉ መግባቱም ይከብደዋል። የነዳፊው ሥራ ይህን ሚዛን መግራት ነው።

ትንሽ ለውጥ ትልቅ ውጤት ያመጣል። በ2015 በአሜሪካ የጃኔሊያ የምርምር ማዕከል የሉክ ላቪስ ቡድን የሮዳሚንን ዳይሜቲልአሚኖ ቡድኖች አዜቲዲን በተባለ ትንሽ ቀለበት ሲተካ፣ ከተመጠጡ 100 ፎቶኖች 41 ያህል ይመልስ የነበረው ቀለም 88 መመለስ ጀመረ።

አሁን ባለሽበት ላቦራቶሪ ልትሠሪው የምትችይው ሙከራ አለ፤ ስፔክትሮፎቶሜትር (ቀለም የሚመጥጠውን ብርሃን የሚለካ መሣሪያ) እና ሮዳሚን ቢ ይበቃሻል። ውሃና ዳዮክሴን የተባለውን ማሟሚያ ፈሳሽ በተለያየ መጠን ቀላቅለሽ፣ በእያንዳንዱ ውስጥ እኩል መጠን ያለው ቀለም ለኪ። ዳዮክሴኑ በበዛ ቁጥር ቀለበቱ ወደ መዘጋት ይሄዳል፤ ንጹህ ዳዮክሴን ውስጥ ቀለሙ ይጠፋል። አሲድን የሚያረክሰውን ትራይኤቲልአሚን 0.01 በመቶ መጨመር አትርሺ፤ ጥቂት አሲድ ካለ ቀለበቱን ክፍት አድርጎ ይይዘውና ግራፍሽ ይበላሻል። ዳዮክሴን መርዛማ ስለሆነ ጓንት አድርጊ፣ ጭስ መሳቢያው ውስጥም ሥሪ። ፍሎረሰንሱንም የምትለኪ ከሆነ፣ በምታበሪበት የሞገድ ርዝመት መምጠጡ ከ0.1 በታች ይሁን፤ ከዚያ ሲበልጥ ቀለሙ የራሱን ብርሃን መልሶ ስለሚመጥጥ ብርሃን የመመለስ ብቃቱ ከእውነቱ ያነሰ መስሎ ይታያል።

ከሴል ባዮሎጂ ግን ሁለት ነገር በደንብ እወቂ። አንደኛ፣ ሴሎች ቀለሙን መልሰው የሚያስወጡ ፓምፖች አሏቸው፤ ፓምፑን የሚያግደው ቬራፓሚል የተባለው መድኃኒት ሲጨመር ብርሃኑ ከጠነከረ ጥፋቱ የፓምፑ ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቀለም ሳይፈለግ ማይቶኮንድሪያ ላይ ይከማቻል።

ለዶክትሬት ስታመለክቺ ኬሚስቱና ማይክሮስኮፕ የሚሠራው ሰው አንድ ግቢ ውስጥ ያሉበትን ተቋም ምረጪ፤ በሃይድልበርግ ያለው የማክስ ፕላንክ የሕክምና ምርምር ተቋም አንዱ ነው። ለፕሮፌሰሩ በምትልኪው ኢሜይል ላይ የኮርስ ዝርዝር አታብዢ። ያንን የዳዮክሴን ግራፍ አያይዢና፣ ሚዛኑን ለመቀየር ሞለኪውሉ ላይ የትኛውን አተም እንደምትነኪ በሦስት መስመር ጻፊ።